ውኃ የዋጠው መሬት ታሪኩ እንዴት ይነበባል?



ባለፈው ሳምንት ማታ፣ አራት ኪሎ በምናስተምርበት ክፍል፣ ከተማሪዎቻችን አንዷ እጃቸውን አወጡ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ገና አራት ወራቸው ነው። የተወለዱት መተሐራ አጠገብ ነው። አባታቸው የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ልጅ ሆነን ፍየል የምንጠብቅበት ሜዳ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል። አባቴም የተቀበሩት እዚያው ነው። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ‹ሰው ሐይቅ ውስጥ ይቀበራል ወይ?› እያሉ ይሥቁብኛል። እውነቴን መሆኑን የሚመሰክርልኝ አለ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ የሳይንስ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። «እማማ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኩ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘሁትን እነሆ ለሁላችሁም ጽፌአለሁ።

ሐይቁ በሰቃ ይባላል። የመተሐራ ሐይቅ የሚሉትም አሉ። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ይገኛል። ወደ ድሬዳዋ የሄደ ሰው ያውቀዋል። አስፋልቱ በውኃው መካከል ያልፋልና።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ይህ ሐይቅ ትንሽ ነበር። ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ይህን በድሮው ልኬት እናስላው። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ስለዚህ ከ8 ጋሻ ያነሰው ውኃ ከ100 ጋሻ በላይ ሆነ ማለት ነው። በመካከሉ ያለው መሬት የት ሄደ? ውኃው ዋጠው። የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ ሣር፣ የሰው ቤት፣ የእርሻ ቦታ አብሮ ሄደ።

ይህ እንዴት ታወቀ? አራት ምስክሮች አሉ።

አንደኛው ፎቶግራፍ ነው። በዚያ ዘመን አገራችን ከአውሮፕላን ላይ ፎቶግራፍ ተነሥታለች። በፎቶግራፉ ላይ የድሮው ሐይቅ ዳር በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛው ሳተላይት ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን ከሰማይ የሚያነሡ ሳተላይቶች አሉ። የየዓመቱን ሥዕል ደርድሮ ያየ ሰው ውኃው እንዴት እየሰፋ እንደመጣ ይረዳል።

ሦስተኛው ራሱ ቦታው ነው። ውኃው ውስጥ ደርቀው የቆሙ የግራር ዛፎች ታይተዋል። ግራር ሐይቅ ውስጥ አይበቅልም። ግራር የቆመበት ቦታ ድሮ ደረቅ መሬት ነበር ማለት ነው። አስፋልቱና ሐዲዱም ይመሰክራሉ። ውኃው ሲጠጋቸው አፈርና ድንጋይ እየተሞላ ከፍ ተደርገዋል።

አራተኛው ምስክር የአገሬው ሽማግሌና አሮጊት ነው። ፎቶግራፍ የቦታውን ስም አይናገርም። ማን እዚያ እንደኖረም አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

ሐይቁ ለምን ሰፋ? በዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ አንድ ቃል አይደሉም። አንዳንዶቹ ከመስኖ እርሻ የሚተርፈው ውኃ ወደ ሐይቁ ስለሚሰርግ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ከመሬት ውስጥ የሚፈልቀው ፍል ውኃ ስለጨመረ ነው ይላሉ። ሁለቱም ነው የሚሉ አሉ። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለመስኖ አይበጅም። ስለዚህ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በፓምፕ እየተሳበ፣ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ከአዋሽ ወንዝ ጋር እንዲቀላቀል ተደረገ። ብዙ ቢለቀቅ ከታች አዋሽን የሚጠጣውንና የሚያርስበትን ሕዝብ ይጎዳልና።

ውኃ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ሲሄድም ምልክት ይተዋል። ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታንና ሻላን እንውሰድ። ዛሬ አራት ሐይቆች ናቸው። ከ10 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ግን አንድ ትልቅ ሐይቅ የሆኑበት ጊዜ ነበር። ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስም ነበር። የዚያ ሐይቅ ዳር ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ፍራንሷዝ ጋስ እና አሌይን ስትሪት የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች ይህን አጥንተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 አሳትመዋል። ዛሬ ውኃ በሌለበት ቦታ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይገኛል። በቅርፊቱ ውስጥ ከጊዜ ጋር እየመነመነ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት አለ። የቀረው ሲለካ ዕድሜው ይታወቃል።

ትናንት ማታ ወደ ክፍል ስመለስ ካርታ ይዤ ሄድኩ። ከድሮው ካርታ በእጄ ገልብጬ፣ ስሞቹን በአማርኛ የጻፍኩበት ነው። እማማ ጣታቸውን አስቀመጡ። «በ... ሰ... ቃ» ብለው አነበቡ። ዝም አሉ። ከዚያም ጣታቸውን ከትንሹ ሐይቅ ወደ ሐዲዱ መስመር አንሸራተቱ። «እዚህ ጋ ነበርን» አሉ።

የአባታቸውን መቃብር ካርታው አያሳይም። ያ ቦታ ደረቅ መሬት እንደነበረ ግን ያሳያል። እውነታቸውን ነው!

እማማ ካርታውን ለልጅ ልጆቻቸው ይዘው ሄደዋል። ከጀርባው ላይ የመንደራቸውን ስምና የአባታቸውን ስም በራሳቸው እጅ ጽፈውበታል። ሁለት መስመር ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛ አራት ኪሎ ያለነው ሐይቅ የለንም። ግን ግንፍሌ አለን። ድሮ ወንዙ እስከ የት ይሞላ ነበር? ምንጩ የት ነበር? ልብስ የሚታጠበው የት ነበር? በሰፈራችሁ ያሉ አዛውንቶችን ጠይቁ። የነገሯችሁን በሦስት መስመር ጽፋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክፍል አምጡ።