የተማሪ ስልክ ባትሪ እንዴት ይሠራል? ለምንስ ቶሎ ይደክማል?

ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ያለው የበርበሬ ገበያ፣ በርበሬ በረንዳ ብትገቡ፣ ከጆንያ ክምር ጀርባ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ተማሪ አታጡም። ቤተሰቡን ሱቅ ሊያግዝ መጥቶ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚያጎነብሰው። ያየው ሁሉ «ይሄ ልጅ ከቲክቶክ አይነሳም» ይለዋል፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን የተከፈተው የፊዚክስ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ሳይዳረስ በመቆየቱ፣ ብዙ ተማሪ ሶፍት ኮፒውን በቴሌግራም እየተቀባበለ ነው የሚያነበው። የድሮ ማትሪክ ጥያቄው፣ የመምህሩ ኖት፣ መዝገበ ቃላቱ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያበራበት ሳይቀር እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ጥናቱም ይቆማል። ስለዚህ የባትሪውን ጠባይ ማወቅ ለተማሪ ትልቅ ጉዳይ ነው።

በስልካችን ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ሶኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም እና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ውስጡ ሁለት ወገን አለው፤ በአንዱ በኩል ግራፋይት፣ በሌላው የብረት ኦክሳይድ፣ መሀላቸው ፈሳሽ የጠጣ ስስ መለያያ። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም አዮኖች ወደ ግራፋይቱ ይሻገራሉ። ስልኩን ስንጠቀም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ በስልኩ በኩል ዞረው ያልፋሉ፤ ስልኩን የሚያሠራው ይህ ዙር ነው።

በርበሬ ሲራገፍ ያየ ሰው ቀጣዩን በቀላሉ ይረዳዋል። መጋዘኑ ባዶ ሳለ ወዛደሩ ጆንያውን ወርወር እያደረገ ይመለሳል። እየሞላ ሲሄድ ግን ቦታ መፈለግ፣ ማጠጋጋት፣ መደርደር ይመጣል። ስልካችሁም እስከ 80 በመቶ ፈጥኖ ሞልቶ የቀረችውን 20 የሚያዘግማት ለዚህ ነው እንጂ ቻርጀሩ ተበላሽቶ አይደለም።

በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ሊቲየም ግራፋይቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ብዙው የስልክ ባትሪ 500 ገደማ ሙሉ የመሙላትና የመጨረስ ዙር ከሠራ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ ያህሉ ይቀረዋል። ይህን እርጅና ከሁሉ በላይ የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ለአንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ፣ በ40 ዲግሪ የተቀመጠው ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች ለባትሪ ትመቻለች። ሙቀቱን የምናመጣው እኛው ነን፦ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በወፍራም ከቨር አፍኖ፣ ጆንያ ወይም ፍራሽ ላይ አስተኝቶ፣ ቻርጅ እያደረጉ ጌም መጫወት። ከቨሩን አውልቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታደርጉት ብቻ ልዩነቱን በእጃችሁ ትዳስሱታላችሁ። ዜሮ እስኪገባ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ መሀል ማመላለስ ለባትሪው ይሻላል።

በርበሬ በረንዳ ለሚውል ስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የበርበሬ ብናኝ ከኪስ ብጥስጣሽ ክር ጋር ተደባልቆ የቻርጀር መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ያኔ ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ዘንበል ሲያደርጉት ይሞላል፣ ሲለቁት ያቆማል። ብዙ ልጅ ገመዱ የተበላሸ መስሎት አዲስ ይገዛል። ስልኩን አጥፉና በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ጫር ጫር አድርጉት። መርፌ አታስገቡ፣ በአፍም እፍ አትበሉበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ፊታችሁንም አርቁ፤ የሚወጣው ያው የበርበሬ ብናኝ ሊሆን ይችላል።

ፓወር ባንክ የምትገዙ ከሆነ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አያታልላችሁ። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲለካ ነው፤ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ወደ ስልኩ የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ስለሆነ ቁጥሩ መጀመሪያ ወደ 7,400 ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ በሙቀት የሚባክን አለ። ብዙ ጊዜ ከጀርባው በትንንሽ ፊደል 6,000 ገደማ ተብሎ የሚጻፈው እውነተኛው ነው። ባለ 5,000 ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላልኛል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። ኪስ የሚገባና እንደ ላባ የቀለለ ሆኖ 50,000 የሚል ከተጻፈበት ውሸት ነው፤ ያን ያህል የሚይዝ ባትሪ ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ ስልክን በሰዓቱ መሙላት የቤተሰብ ሁሉ ጭንቀት እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ዛሬም መብራት ድንገት ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ብሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመጣ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ርካሽ ቻርጀር ገዝታችሁ ለመቆጠብ አትሞክሩ፤ 220 ቮልቱን ከእጃችሁ የሚለየው ውስጡ ያለው መከላከያ ነው፣ አስመስሎ በተሠራው ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

የስልኩ ጀርባ ወይም ስክሪኑ ከፍ ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ፈተና ነገ ቢሆን እንኳ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አጥፉትና ከጆንያና ከካርቶን አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ባትሪውን የሚያወጣው ደግሞ ሙያውን የሚያውቅ የሞባይል ጠጋኝ ይሁን።