እውነት ወይስ ተረት? ስልክዎ «አፕዴት አድርግ» ሲልዎት

ሻሸመኔ መገናኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሌና ከወላይታ የሚመጣው ሰው እንደሚተላለፍባት ሁሉ ስልኩም ይተላለፍባታል፤ ከዱባይ የገባ ሳምሰንግ፣ እህት ከዓረብ አገር የላከችው አይፎን፣ ከመርካቶ የመጣ ቴክኖ፣ ሁለት ሦስት እጅ የዞረ ኢንፊኒክስ። የጥገና ቤት ባንኮኒ ላይ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አፕዴት አድርግ እያለኝ ነው፤ ላድርገው ወይስ ይቅር?» አንዱ ባለሙያ «እንዳትነካው» ይላል፤ ሌላው «ዛሬውኑ አድርገው»።

ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ትንሹ አፕዴት የደህንነት ጥገና ወይም «ሴኪዩሪቲ ፓች» ነው፤ የተገኘ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ የስልኩን መልክ አይቀይርም። ትልቁ የቨርዥን ለውጥ ነው፤ ለምሳሌ ከአንድሮይድ 13 ወደ 14። ከዚህ በታች ካሉት አባባሎች አንዳንዶቹ የሚመነጩት ሁለቱን ከመደባለቅ ነው። ለታብሌትም ያው ነው።

«አፕዴት አሮጌ ስልክን ያዘገያል» — ከፊል እውነት

ሐሜቱ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። አፕል በዲሴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ በሚል ፍጥነታቸውን በአፕዴት እንደቀነሰ አምኗል፤ ይቅርታ ጠይቆም የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጣሊያን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። የሳምሰንግ ጥፋት ለኖት 7 የተዘጋጀውን አንድሮይድ የኖት 4 ባለቤቶች እንዲጭኑት መገፋፋቱ ነበር።

በየቀኑ የምናየው መዘግየት ግን መነሻው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ስቶሬጁ ጢም ብሎ መሙላቱና የራሙ ማነስ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ስልኩ አፖቹን ከአዲሱ ሲስተም ጋር ከጀርባ ስለሚያስተካክል መሞቁና መንቀርፈፉ ያለ ነው፤ ከዚያ ይረጋጋል። ራሙ 2 ወይም 3 ጊጋ የሆነ ስልክ የቨርዥን ለውጥ ሊከብደው ይችላል። የደህንነት ጥገና ግን ስልክ ያዘገያል ተብሎ የሚፈራ አይደለም።

«ፎቶዬንና ስልክ ቁጥሮቼን ያጠፋብኛል» — ተረት

በስልኩ በራሱ በኩል የሚመጣ አፕዴት የእርስዎን ፋይል አይነካም። ፋይል የሚጠፋው «ፍላሽ» ሲደረግ ነው፤ ባለሙያው ስልኩን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ሲስተሙን እንደ አዲስ ሲጭን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሁሉ ይጠረጋል። ሰው ሁለቱን «ሶፍትዌር አስጫንኩ» እያለ ስለሚያወራ የአንዱ ጥፋት በሌላው ይላከካል። ያም ሆኖ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቁጥሮችዎን በጎግል አካውንትዎ፣ ፎቶዎችዎን በሚሞሪ ካርድ ወይም በኮምፒውተር አስቀድመው ያስቀምጡ።

«መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ስልኩ ይሞታል» — ተረት

ስልኩ ባትሪ አለው። ቢያንስ ግማሽ ቻርጅ ይዞ ከጀመረ የመብራት መጥፋት አያሰጋውም። ብዙዎቹ አዳዲስ አንድሮይዶች ደግሞ አዲሱን ሲስተም በተለየ ክፍል ይጭኑና የሚቀያይሩት ስልኩ ጠፍቶ ሲነሣ ነው፤ ጭነቱ ቢበላሽ አሮጌው በቦታው አለ።

«ስልኬ ‹ወቅታዊ ነው› ካለኝ ሥጋት የለብኝም» — ተረት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መልዕክቱ «አምራቹ ከእንግዲህ የሚልክልህ የለም» ማለትም ሊሆን ይችላል። አምራቾች ለአንድ ሞዴል አፕዴት የሚያቀርቡት ለተወሰነ ዓመት ነው። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የ7 ዓመት ቃል ገብተዋል፤ እነዚህ ግን ውድ ስልኮች ናቸው። የአብዛኞቹ ርካሽ ስልኮች የአፕዴት ዕድሜ ከዚህ በጣም ያጥራል።

እውነቱን ለማወቅ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ስለ ስልኩ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በብዙ አንድሮይዶች ላይ አንድሮይድ ቨርዥን የሚለውን ሲነኩ «ሴኪዩሪቲ ፓች» ከሚለው አጠገብ ቀን ያገኛሉ። ያ ቀን ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ ስልኩ «ወቅታዊ ነኝ» ቢልም፣ ከዚያ ወዲህ በሲስተሙ ላይ የተገኙት ቀዳዳዎች አብዛኞቹ አልተደፈኑም ማለት ነው። «ኮፒ» ስልክ ደግሞ የቨርዥን ቁጥሩን ራሱ አሳስቶ ሊያሳይ ስለሚችል በዚያ ላይ ብቻ አይመኑ።

«የእኔን ስልክ ማን ይፈልገዋል?» — ተረት

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ስልክ ኪስ ሆኗል፤ የባንኮቹ አፕም እዚያው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአንድሮይድ ላይ የተገኘው «ስቴጅፍራይት» የተባለ ቀዳዳ የስልክ ቁጥርዎን ብቻ የሚያውቅ ሰው በሚልከው የቪዲዮ መልዕክት፣ እርስዎ ሳይከፍቱት፣ ስልክዎ ውስጥ መግባት እንዲችል በር የሚከፍት ነበር። ጎግል በየወሩ የደህንነት መግለጫ ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አፕዴት ግን ሁሉን አይፈታም። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይንገሩኝ» ለሚል ደዋይ ቁጥሩን የነገረ ሰው ስልኩ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ገንዘቡን አያተርፍም።

«ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው አፕዴትም ያው ነው» — ተረት

የስልኩ ሲስተም የሚታደሰው በሴቲንግ በኩል፣ አፖቹ የሚታደሱት በፕሌይ ስቶር ወይም በአፕ ስቶር ነው። በቻናል የሚለጠፍ ወይም በሊንክ የሚላክ የኤፒኬ ፋይል «የባንክ አፕ አዲስ አፕዴት» ቢባልም ማን እንደነካካው አይታወቅም። መጫን የለበትም።

«ፓኬጅ ይጨርሳል» — እውነት

የደህንነት ጥገና ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ሜጋ ሊሆን ይችላል፤ የቨርዥን ለውጥ ጊጋዎች ይፈጃል። መጠኑ «ዳውንሎድ» ከሚለው በፊት ስለሚጻፍ አይተው ይወስኑ። ዋይፋይ ወይም የሌሊት ፓኬጅ ይጠብቁ፤ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድም ሴቲንጉን ያስተካክሉ።

«ካልወደድኩት ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ» — ተረት

መመለስ በአብዛኛው ወይ አይቻልም፣ ወይ ያለዎትን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ ትልቁን ቨርዥን ለሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ብልህነት ነው፤ ስሕተት ያለበት አፕዴት ትልልቆቹንም ያንገዳግዳልና። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ማውጣት ችለው በነበረ ጊዜ፣ ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻልና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። በጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጓል።

«ባላድሰውም አፖቹ ይሠራሉ» — ለጊዜው እውነት

ዋትሳፕ ከጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች፣ ከሜይ ጀምሮ ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች አይሠራም። አይኦኤስ 12 ላይ የቆመው አይፎን 6 ይዘው ከዓረብ አገር ዘመድ ጋር በዋትሳፕ ያወሩ የነበሩ ሰዎች የተቆረጠባቸው በዚህ ነው። ፊደሉም ያው ነው፤ የድሮ አንድሮይዶች የግዕዝ ፊደል በሲስተማቸው ውስጥ ስላልነበረ የአማርኛ መልዕክት ሳጥን በሳጥን ሆኖ ይመጣ ነበር፤ በላቲን የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞ መልዕክት ግን በዚያው ስልክ ላይ ይነበብ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የደህንነት ጥገና ሲመጣ፣ በሴቲንግ በኩል እስከሆነ ድረስ፣ ሳይውል ሳያድር ይጫኑ። የቨርዥን ለውጥ ሲመጣ ትንሽ ቆይተው፣ ስቶሬጅ አስለቅቀውና ፋይልዎን አስቀምጠው ይጫኑ፤ ራሙ አነስተኛ የሆነ ስልክ ከያዙና የደህንነት ጥገናው ለብቻው እየመጣ ከሆነ ቨርዥኑ ቢቀር ብዙ አይጎዳዎትም። ምንም የማይመጣለት ስልክ ከሆነ ግን የባንክ አፕዎን ወደ ሌላ ስልክ ማዛወር ያስቡበት። ያገለገለ ስልክ ሲገዙም የካሜራውን ሜጋፒክስል ከመጠየቅዎ በፊት የሴኪዩሪቲ ፓቹን ቀን ከፍተው ይዩ፤ ቀኑ የራቀ ከሆነ ዋጋው ላይ ይከራከሩበት።