ጭምትነት ጉድለት ነውን?

«ዝም አይነቅዝም» እያልን ዝምታን የምናወድስ እኛው፣ ዝምተኛውን ሰው ስናገኝ ግን ፍርዳችን ሌላ ነው። ጨዋታ ሲደምቅ ከዳር ሆኖ የሚያዳምጠውን፣ ግርግር ሲበዛበት ብቻውን መሆን የሚመርጠውን አንዳንዱ «ኩሩ ነው»፣ ሌላው «ሰው ይፈራል» ይለዋል። መምህሩም እጁን ስላላወጣ ትምህርቱ እንዳልገባው ሊቆጥረው ይችላል። እነዚህ ፍርዶች ምን ያህል ትክክል ናቸው? በዚህ ጽሑፍ በሥነ ልቦና ሳይንስ «ኢንትሮቨርዥን» ስለሚባለውና እኛ ጭምትነት ብለን ስለምንጠራው ባሕርይ ምርምር የደረሰበትን በአጭሩ እንመለከታለን።

ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ የአንዳንድ ሰዎች ትኩረት ወደ ውስጣዊ ሐሳብ፣ የሌሎች ደግሞ ወደ ውጫዊው ዓለም እንደሚያዘነብል ገለጠ። ይህ ማለት ግን ሰው ሁሉ በሁለት ጎራ ይከፈላል ማለት አይደለም። የዛሬው ሳይንስ ባሕርይውን እንደ ቁመት በአንድ መለኪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እጅግ ረጅምና እጅግ አጭር ሰው ጥቂት እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ብዙዎቻችን የምንገኘው በመካከሉ ነው።

ልዩነቱ ከምን ይመነጫል? በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃንስ አይዘንክ እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ መላምት አቀረበ። በእርሱ አስተያየት የጭምቶች አንጎል በተፈጥሮው ከፍ ያለ ንቃት ስላለው ጥቂት ቀስቃሽ ነገር ይበቃዋል፤ የተጫዋቾች ግን ከውጭ ተጨማሪ ቀስቃሽ ይሻል። ይህን ለመፈተን ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ቀላል ነበር፤ ምላስ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲደረግ፣ በአማካይ ጭምቶች የበለጠ ምራቅ አመነጩ። መላምቱ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች በሁሉም ረገድ አልጸናም፤ በመሆኑም ተመራማሪዎች ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር የሚሳተፍበትን፣ ለሽልማት ምላሽ የሚሰጠውን የአንጎል ሥርዓትም ይመረምራሉ። መንትዮችን በማነጻጸር የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታሉ።

በተለይ ለተማሪዎች የሚጠቅመው ራስል ጊን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ የመማር ተግባር እያከናወኑ የሚሰሙትን የድምፅ መጠን ራሳቸው እንዲመርጡ ተደረገ። ጭምቶቹ ዝቅ ያለውን፣ ተጫዋቾቹ ከፍ ያለውን መረጡ። እያንዳንዱ በሚስማማው መጠን ሲሠራ የሁለቱ ወገኖች ውጤት ተቀራረበ፤ አንዱ በሌላው ምርጫ እንዲሠራ ሲደረግ ግን ውጤቱ ቀነሰ። እንግዲህ የተለያየው ችሎታቸው ሳይሆን ችሎታቸው የሚገለጥበት ሁኔታ ነው።

ጭምትነትን ከዓይን አፋርነት መለየትም ያስፈልጋል። ዓይን አፋር ሰው መቀላቀል እየፈለገ የሰውን ፍርድ ይፈራል፤ ጭምቱ ግን ሳይፈራም ቢሆን ጸጥታን ሊመርጥ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ቢችሉም አንድ አይደሉም። እነርሱን መደባለቅ በሁለት በኩል ይጎዳል። ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላል፤ ፍርሃቱ ከትምህርትና ከኑሮ ያሰናከለውን ደግሞ «ጠባዩ ነው» በማለት ሊያገኝ ከሚችለው ሕክምና ያስቀረዋል።

ይህን ስንል ጭምትነትን የብልህነት ማስረጃ ማድረጋችን አይደለም፤ ጭምትም ተጫዋችም ሊሳሳት ይችላል። የምንለው፣ የተማሪ ዕውቀት በተናገረው ቃል ብዛት አይለካ ነው። መምህሩ ከጥያቄው በኋላ ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ ቢሰጥ፣ ተማሪዎች አስቀድመው መልሳቸውን ቢጽፉ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ቢወያዩ፣ እስከ ዛሬ ያልተሰማ ሐሳብ ሊሰማ ይችላል። ጭምቱ ተማሪም የያዘው ሐሳብ ለሌሎች የሚጠቅም ሲሆን መናገርን ቢለማመድ፣ ባሕርይውን ሳይለውጥ ድርሻውን ይወጣል።