ሞምባሳ፦ «ቅረቡ» የምትል ከተማ



በዚህ ወር የጉዞ ገጻችን ወደ ኬንያዋ የወደብ ከተማ ወደ ሞምባሳ ይወስዳችኋል። እኛ ከሁለት ልጆቻችን ጋር የቆየነው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ቢሆንም ይዘነው የተመለስነው ትምህርት ከሻንጣችን ይልቅ ከባድ ነበር።

ከናይሮቢ የተነሳንበት ባቡር ከደሴቲቱ ውጭ ባለው ጣቢያ አወረደን። ሞምባሳ ደሴት ናት፤ አሮጌው ከተማም በምሥራቅ በኩል ባሕሩን ይዞ ተቀምጧል። መንገዶቹ ጠባብ፣ በሮቹ በእንጨት ቅርጽ ያጌጡ፣ ሰገነቶቹ ወደ መንገዱ ያዘነበሉ ናቸው። ከደጃፎቹ ጎን «ባራዛ» የሚሉት የድንጋይ መደብ አለ፤ ጎረቤትና እንግዳ ተቀምጦ የሚያወጋበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1570 እንደተሠራ የሚነገርለት የማንድሪ መስጂድም ከነነጭ ሚናራው እስከ ዛሬ ይሰገድበታል።

ልጆቹን ከሁሉ ያስደሰታቸው ቋንቋው ነበር። ሳህን «ሳሃኒ»፣ ሂሳብ «ሂሳቡ»፣ ወቅት «ዋካቲ» ሲባል እየሰሙ ይስቁ ነበር። በየደጁ የሚሰማው «ካሪቡ» የሚለው የእንግዳ መቀበያ ቃል ደግሞ ቅርብ ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ከእኛው «ቅረቡ» ጋር ሥሩ አንድ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሊኮኒ ዳርቻ ለመሻገር ወደ ፌሪው ሄድን። እግረኛ በነፃ የሚሻገርበት በመሆኑ ሰዉ እንደ ጎርፍ ነው። ትንሿ ልጃችን እቅፍ ላይ ተኝታለች፤ ሻንጣውም ከብዶናል። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ከኋላ መጥቶ ሻንጣውን አነሳ። እኛም ደንግጠን «ሌባ! ሌባ!» ብለን ጮኽን፤ ከእጁም መነጨቅነው። ወጣቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጅ እንደታቀፋችሁ አይቶ ሊያግዛችሁ ነው» ሲሉ በእንግሊዝኛ አስረዱን።

መሬት ብትውጠን በወደድን! ከመጥፎ ጥርጣሬ መራቅን ለልጆቻችን ከሱረቱል ሑጁራት ስናስተምር የኖርን እኛው ነን። ይቅርታ ጠየቅነው። ፈገግ ብሎ ሻንጣውን እንደገና አነሳና እስከ ማዶ አደረሰልን። ገንዘብ ብንሰጠው አልተቀበለም። ሲለየን የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ካሪቡ»።

በማግስቱ ፎርት ጂሰስን ጎበኘን። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩት ምሽግ ነው። የዑማን ዐረቦች ከ1696 ጀምሮ ከብበው በ1698 ያዙት። በኋላም እንግሊዞች እስከ 1958 ድረስ እስር ቤት አደረጉት። በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወፍራሙን ግድግዳና መድፎቹን እያየን አንድ ነገር አሰብን፤ ይህች ከተማ መድፍ ይዞ የመጣ እንግዳም አይታለች። በእንግዳ ላይ ጥርጣሬ የሚገባው ቢኖር እሷ ነበረች። ታዲያ እርሷ «ቅረቡ» ስትል «ሌባ» ያልነው እኛ ነን።

ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣም እ.ኤ.አ. በ1331 እዚህ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ወደ ኪልዋ አልፏል። የሕዝቡን ደግነትና ሃይማኖተኛነት፣ መስጂዶቹ በእንጨት በሚገባ መሠራታቸውን፣ በየመስጂዱ በር የውኃ ጉድጓድ መኖሩንና ወደ መስጂድ የሚገባ ሁሉ ከዚያ ቀድቶ እግሩን እንደሚታጠብ ጽፏል። ለአንድ ሌሊት እንግዳ በቂ ማስታወሻ ነው። መንገደኛ ከምንም በፊት የሚያየው በራችንን ነውና።

በመጨረሻው ምሽት ከአሮጌው ከተማ ቡና ሻጭ ዘንድ ዝንጅብል ያለበትን መራራ «ካሃዋ» በትንንሽ ስኒ ጠጣን። ያን ጊዜ ትልቁ ልጃችን፣ «እኛ ሰፈር እንግዳ ሰው ሻንጣችሁን ልያዝላችሁ ቢል ማን ያምነዋል?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

ጥያቄውን ለእናንተም አቅርበናል። በመስጂዳችን በር የማናውቀው ሰው ቆሞ ስናይ ቀድመን የምንጠይቀው ከየት እንደመጣ ነው ወይስ ውኃ መጠማቱን? ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሰላምታ ይቅደመው።

አላህ እንግዳን ከሚያከብሩት ያድርገን። አሚን!