የውጭ አገር መንጃ ፈቃድና የሚከራይ አውቶሞቢል በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ናዝሬት ወደሚላት ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ፣ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ወይም ከሞጆ ታጥፎ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ (ዝዋይ)፣ ወደ ላንጋኖና ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው የውጭ አገር ጎብኚ በሀገሩ ሳለ መኪና መንዳት የለመደ ነው። ስለዚህ አንድ አውቶሞቢል ተከራይቶ፣ በፈለገበት ሐይቅ ዳር እየቆመ፣ ራሱ ነድቶ መጓዝ ይመኛል። ወደ አከራይ በሄደ ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መኪናው የሚከራየው ከነሾፌሩ ነው» የሚል ይሆናል። ጎብኚው ይህን ሲሰማ የሾፌር አበል ለማስከፈል የተፈጠረ ዘዴ ይመስለዋል፤ ከመካከላችንም እንደዚሁ የሚያስቡ አሉ። እኛ ግን ጉዳዩን ከሕጉ ጋር ስናስተያየው፣ ከአበሉ ይልቅ ክብደት ያላቸው ሁለት ምክንያቶች እናገኛለን። አንደኛው ጎብኚው በኪሱ የያዘው ወረቀት በእኛ ሀገር ያለው ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመኪና ባለቤት ላይ የጣለው ኃላፊነት ነው። በእኛ አስተያየት ዋናው ሁለተኛው ነው፤ ይሁን እንጂ ከወረቀቱ መጀመር ይገባል።

«ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» የሚባለው ሰነድ ስሙ ከሥራው ይበልጣል። ሰነዱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1926 ፓሪስ ላይ በተደረገው ስምምነት ሲሆን፣ በኋላም በ1949 በጄኔቭ፣ በ1968 ደግሞ በቪየና በተፈረሙት የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች ቅርጹ ተወስኖአል። ሽፋኑ ግራጫ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ፣ 105 በ148 ሚሊሜትር የሚለካ ትንሽ ደብተር ነው። በጄኔቩ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በቪየናው መሠረት የሚሰጠው እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል። በመሠረቱ ግን ደብተሩ መንዳት መቻልን የሚመሰክር አዲስ ፈተና ውጤት አይደለም። ጎብኚው በሀገሩ ያገኘውን ፈቃድ በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚያስረዳ ትርጉም ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ፈቃድ አብሮት ከሌለ ከንቱ ነው። የሚሰጠውም የሀገሩ መንግሥት ወይም መንግሥት ሥልጣን የሰጠው ድርጅት ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ይሰጣል። በኢንተርኔት ገንዘብ ተቀብለው «የዐሥር ዓመት ዓለም አቀፍ ፈቃድ» የሚሸጡ ነጋዴዎች ሰነዳቸው ከፎቶግራፍ ማስታወሻነት የሚያልፍ ጥቅም የለውም።

ይህ ደብተር ዓለም አቀፍ ተብሎ ሳለ በሁሉም ዓለም አይሠራም። ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ብቻ ስለ ሆነ፣ የ1968ቱን ይዞ ቶኪዮ የሚደርስ ጀርመናዊ የሀገሩን ፈቃድ በጃፓንኛ ማስተርጐም አለበት። ቻይና ደግሞ ደብተሩን ከነጭራሹ አትቀበልም፤ ለአጭር ጊዜ የመጣ እንግዳ የቻይና ጊዜያዊ ፈቃድ እንዲያወጣ ታደርጋለች። እንግዲህ ጎብኚው በአዲስ አበባ ወይም በአዳማ የሚገጥመው ነገር በዓለም ላይ ብቸኛ አይደለም ማለት ነው።

በእኛ ሀገር የነጂዎች ጉዳይ የሚተዳደረው በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው፤ ይህም አዋጅ ቁጥር 600/2000ን የተካ ነው። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የውጭ አገር ፈቃድ ያለው ሰው በኢትዮጵያ መንገድ ለመንዳት ፈቃዱን በኢትዮጵያ ፈቃድ መለወጥ ይኖርበታል። ለዚህም በመጀመሪያ የሀገሩ ባለሥልጣን ወይም ኤምባሲው ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ይመሰክርለታል፤ ቀጥሎ የእኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያንን ምስክርነት ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይሄዳል። የአሜሪካና የእንግሊዝ መንግሥታት ለዜጎቻቸው በሚያወጡት የጉዞ ምክር ውስጥ በኢትዮጵያ ለመንዳት የኢትዮጵያ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ለብዙ ዓመታት ሲያሳስቡ ኖረዋል። በአዲስ አበባ ለሁለት ዓመት ሊያስተምር ለመጣ ሰው ይህ ሁሉ መመላለስ የሚቻል ነው። ለዐሥር ቀን ዕረፍት የመጣው ሰው ግን ወረቀቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞር ዕረፍቱ ያልቅበታል።

ምስክርነቱና ትርጉሙ ለምን አስፈለገ? እስቲ አንድ የትራፊክ ፖሊስ በአዳማ መግቢያ ላይ ቆሞ የውጭ አገር ፈቃድ ሲቀበል እናስብ። የመጀመሪያው እንቅፋት የዘመን አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 ላይ ያበቃ ፈቃድ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. አብቅቶአል። በ2018 ዓ.ም. የቆመው ፖሊስ ግን «2019» የሚለውን ቍጥር ሲያይ ገና አንድ ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል። በዚህ ላይ የቀንና የወር ቅደም ተከተል አለ። «05/04/2026» የሚለውን አሜሪካዊው ሜይ 4 ብሎ ያነበዋል፤ ይህም በእኛ ሚያዝያ 26 ቀን 2018 ነው። አውሮፓዊው ግን ኤፕሪል 5 ይለዋል፤ መጋቢት 27 ቀን ማለት ነው። በእኛ ሀገር ልማድ ለሚያነበው ደግሞ አራተኛው ወር ታኅሣሥ ነው! አንድ ቀን ሦስት ቦታ ሲውል በፖሊሱና በነጂው መካከል ክርክር ቢነሣ ማንን እንወቅሳለን?

ሁለተኛው እንቅፋት የመኪናው ዓይነት ነው። የአውሮፓ ፈቃድ ጽሑፉን በቍጥር አሳጥሮ የያዘ ካርድ ነው፤ 4ሀ እና 4ለ ልንላቸው በምንችላቸው ሁለት መሥመሮች ላይ የመጀመሪያው የተሰጠበትን፣ ሁለተኛው የሚያበቃበትን ቀን ያመለክታል። ተራው የአውቶሞቢል መደብ «ቢ» የሚባለው ሲሆን፣ ከነጂው በቀር ከስምንት መቀመጫ የማይበልጥና ክብደቱ ከ3500 ኪሎግራም የማያልፍ መኪና ብቻ ያስነዳል። እንግዲህ ዐሥራ ሁለት ሆነው ወደ ላንጋኖ ሊሄዱ የተነሡ ጣሊያኖች ቶዮታ ሃያስ ሚኒባስ ቢከራዩ፣ ከመካከላቸው «ቢ» ብቻ ያለው ሰው በሀገሩም ቢሆን ያንን መኪና ሊነዳ አይፈቀድለትም። በእንግሊዝ ፈቃድ ላይ ደግሞ 78 የሚል ቍጥር ካለ ሰውዬው የተፈተነው በአውቶማቲክ መኪና ብቻ ነው ማለት ነው። ማርሽ በእጅ የሚለወጥ መኪና ቢሰጠው ከሞጆ ሳይደርስ ችግሩ ይገለጣል። ይህን ሁሉ ከአንድ ትንሽ ካርድ ላይ በመንገድ ዳር ማንበብ ከማንም ፖሊስ አይጠበቅም። ትርጉሙና ማረጋገጫው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት እንመለስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በአንቀጽ 2081 ላይ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አይድንም፤ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ባለቤቱን «ጥፋት ሠርተሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። መኪናው የእርሱ መሆኑ ይበቃል። ቁልፉን በፈቃዱ ለተከራይ የሰጠ ሰውም ተሰረቅሁ ሊል አይችልም።

ይህ ድንጋጌ በአዳማ አንድ ሁለት መኪና ገዝቶ ከኪራይ ለሚኖር ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ እንመልከት። የውጭ አገር ጎብኚ በአርሲ ነገሌ አጠገብ አንድ መንገደኛ ቢገጭ፣ ጎብኚው ራሱም በሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን እርሱ በሳምንቱ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ባለመኪናው ግን ቤቱም፣ ንብረቱም፣ ጎረቤቱም እዚያው ናቸው። የተጎጂው ቤተ ሰብ የሚያንኳኳው የእርሱን በር ነው። እርግጥ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ መድን ክፍያ ወሰን አለው፤ የፍትሐ ብሔር ካሣ ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ባለመኪናው ለራሱ መኪና የገባው ተጨማሪ መድን ቢኖር እንኳ፣ እንዲህ ያሉት ውሎች ሕጋዊ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ የደረሰውን ጉዳት ከክፍያ ማግለላቸው የተለመደ ነው። እንግዲህ የጎብኚው ፈቃድ ያልተለወጠ ከሆነ፣ ባለመኪናው ያለ መድን ወጣ ማለት ነው። ሾፌር አብሮ መላኩ ስስት ሳይሆን ቤቱን መጠበቂያ ነው።

መንገዱም ራሱ የሚናገረው አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለትራፊክ የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በሀገራችን የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ሲሆን፣ እግረኛ፣ ጋሪና ባጃጅ አይገቡበትም። እንግዳው በዚህ ሰፊ መንገድ ላይ በሀገሩ ያለ ያህል ተዝናንቶ ይመጣና፣ ከክፍያው ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት ሳይቆይ በአዳማ ባጃጆች መካከል ይገኛል። ከመተሐራ ወዲህና ወዲያ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ይርመሰመሳሉ። በሻሸመኔ መሥመር ከብት የሚነዳ እረኛ መንገዱን ሲያቋርጥ ከፊት ያለችው ላም ከተሻገረች የኋለኛዋ እንደምትከተላት የአካባቢው ሾፌር ያውቃል፤ እንግዳው ግን ክፍተት ያገኘ መስሎት ይገባል። ከኬንያ በሞያሌ በኩል የሚመጣው መንገደኛ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለበት። በኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውራለች። መሪው በቀኝ በኩል በሆነ መኪና ጭነት የያዘ ካሚዮን ለመቅደም መሞከር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለማሰብ ሾፌር መሆን አያስፈልግም።

ከጎብኚዎቹ መካከል አንድ ወገን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይኸውም ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጣው ወገናችን ነው። በዋሽንግተን ዐሥር ዓመት የነዳ የሻሸመኔ ልጅ ለወንድሙ ሠርግ መጥቶ መኪና ሲከራይ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስለሚናገር ሕጉ እርሱን የሚነካው አይመስለውም። ፈቃዱ ግን የአሜሪካ ነው፤ ቋንቋ ማወቁ ፈቃዱን አይለውጠውም። እንዲያውም አደጋው በዚህ ወገን ላይ የከፋ ነው እንላለን። ነጩን ጎብኚ «ፈቃድህን አሳየኝ» የሚለው አከራይ፣ የሚያውቀውን ሰው ልጅ አፍሮ ሳይጠይቀው ቁልፉን ይሰጠዋል።

አንዳንድ ተማሪዎች መፍትሔው የውጭ ፈቃዶችን ሁሉ እንዲሁ መቀበል ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ከላይ ያየነው የቀንና የመደብ ግራ መጋባት ሳይፈታ ይቀራልና። ከዚህ ይልቅ የቻይናው ዓይነት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሻላል። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያና በሞያሌ ኬላ በአንድ መስኮት የሚሰጥ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የሚያበቃበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር የሚያሳይና የመኪናውን ዓይነት በግልጽ የሚለይ አንድ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ይህ ወረቀት የፖሊሱን ችግር ያቃልላል እንጂ የባለመኪናውን አያቃልልም። አንቀጽ 2081 በቦታው ነው። የመድን ድርጅቶች በጊዜያዊ ፈቃድ የሚነዳውን ተከራይ የሚሸፍን፣ የክፍያ ወሰኑም ሰፋ ያለ ውል እስኪያዘጋጁ ድረስ፣ የአዳማው አከራይ ከቁልፉ ጋር ሾፌሩን መላኩን አይተውም።