ዓሣን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ምሕረት ነው?

ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ ጥያቄ አነሣች። እህቷ ናይሮቢ በሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ከአገር ሊወጡ ስለሆነ በመስታወት ገንዳ ያሉትን ቀያይ ዓሦች ‹‹ወንዝ ውስጥ ልቀቂያቸው›› ብለዋታል። ተማሪዋም ‹‹ነፍስ አላቸው፤ ቢለቀቁ ምን ችግር አለው?›› አለችን። ክፍሉ በሙሉ ‹‹መልቀቅ ነው እንጂ!›› አለ። እኛ መምህራን ግን መልሱን ለሁላችሁም ለመጻፍ ወሰንን።

እነዚህ ዓሦች ጎልድፊሽ ይባላሉ። መነሻቸው ምሥራቅ እስያ ነው። ገንዳ ውስጥ ትንንሽ ናቸው፤ ሰፊ ውሃ ሲያገኙ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያድጉ ይችላሉ። ምግብ ፍለጋ የውሃውን ወለል ሲቆፍሩ ውሃው ይደፈርሳል። በዚህ ጊዜ ከውሃው በታች ያሉ ዕፅዋት ብርሃን ያጣሉ፤ በነሱ የሚጠለሉት የአገሩ ዓሦችም ይጎዳሉ። በሽታም ሊጋባባቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ሚኒሶታ የምትገኘው የበርንስቪል ከተማ ከሐይቅ የወጡ ትልልቅ ጎልድፊሾችን ፎቶ አሳይታ ነዋሪዎቿን እንዳይለቁ ለምናለች።

‹‹ዓሣ ምን ያህል ሊያጠፋ ነው?›› የሚል ካለ ቪክቶሪያ ሐይቅን ይመልከት። ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ እዚሁ ቱርካና ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ ከሌሎች ዓሦች ጋር ይኖራል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ሰዎች ቪክቶሪያ ውስጥ ጨመሩት። በ1980ዎቹ እጅግ ተባዛ። ለውጭ ገበያ ገንዘብ ማስገባቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላ የትም የማይገኙ ብዙ የትናንሽ ዓሣ ዝርያዎች ጠፉ። ትናንሾቹ በፀሐይ ይደርቁ ነበር። ናይል ፐርች ግን ስብ ስላለው በጭስ መድረቅ ነበረበት፤ ለማገዶም ዛፍ ተቆረጠ። የማገዶን ነገር እኛ ካምፕ ውስጥ ለምንኖረው ማን ይነግረናል?

እንግዲህ ጥፋቱ የዓሣው አይደለም፤ ያለ ቦታው ያስገባው ሰው ነው። አንዴ ከተራባ ደግሞ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዓሣውን ለሸጠው ሱቅ መመለስ፣ ወይም ገንዳ ላለው ሰው መስጠት። የገንዳውንም ውሃ ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ ሳይሆን ደረቅ መሬት ላይ ማፍሰስ።

ተማሪዋ ‹‹እህቴ አሠሪዎቿን እንዴት ትናገራለች?›› ስትል ጠየቀችን። ልክ ናት፣ ከባድ ነው። ‹‹ሱቁ ከተቀበለን እኔ አደርሳቸዋለሁ›› ትበላቸው አልናት። ትእዛዝ መቃወም ሳይሆን ሥራ ማቅለል ነው።