ተጨማሪ መረጃ፦ የታሰረውን ጆንያ መፍታት

የደቡብ ጎንደርን ወረዳዎች አስቡ፤ እያንዳንዱ የራሱ የሰብል ዝርዝር አለው። ፎገራ ሩዝና ጤፍ፣ ፋርጣ ገብስና ድንች፣ ላይ ጋይንት ገብስና ስንዴ። በጃቫ ስትሪም (የውሂብ ፍሰት) ላይ የሚጠራው «ማፕ» እያንዳንዱን ወረዳ በሰብል ዝርዝሩ ይተካዋል፤ የምናገኘው ግን ሦስት የታሰሩ ጆንያዎችን ነው። «ፍላትማፕ» ጆንያዎቹን ፈትቶ አንድ ሰሌን ላይ በየተራ ይዘረግፋቸዋል፦ ሩዝ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ገብስ፣ ስንዴ። ገብስ ሁለት ጊዜ መምጣቱን ልብ በሉ! ድግግሞሹን የሚያስቀረው ቀጥሎ የሚጠራው «ዲስቲንክት» ነው። ለፍላትማፕ የሚሰጠው ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) ዝርዝሩን ራሱን ሳይሆን የዝርዝሩን ስትሪም መመለስ አለበት፤ አለዚያ ኮምፓይለሩ አይቀበለውም። ስትሪምና ላምዳ የመጡት ከጃቫ 8 ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ጃቫ በስያሜዎች ውስጥ የግዕዝ ፊደልን መቀበሉ ነው፤ ተለዋዋጩን «ወረዳ» ብላችሁ ብትጽፉት ይሠራል።